መልስ የማይሰጠው ዘበኛ

«ሴትየዋ ወሬ እንጂ ሥራ የላትም። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠርተን ወደ መጋዘን እናወርዳታለን።»

ይህን ያለው የዓይን ክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ የተነገራት የአስተዳደር ኃላፊዋ ናት፤ የሰማሁት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ገንዘብ መቀበያው አጠገብ ቆሜ፣ የዚያችኑ «ሴትየዋ» መነጽር በመሀረብ ጠቅልዬ ይዤ። አክስቴ ናት። እኔንም ታላቅ ወንድሜንም አሳድጋ ለወግ ያበቃችን እሷ ናት፤ የምትኖረው ከእኔ ጋር ሲሆን፣ በዚህ ክሊኒክ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ በሽተኛ ስትመዘግብ ነው ጸጉሯ የሸበተው። ጠዋት መነጽሯን ፍሪጅ ላይ ረስታው ወጣች፤ እኔም ወደ ሥራዬ ስሄድ ላቀብላት ጎራ አልኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እነሱ እንዲህ ሲመክሩባት እሷ ከመስታወቱ ማዶ ተቀምጣ ለአንድ ሽማግሌ ስለ እንቁላል ዋጋ ታወራለች፣ «አሁንስ ዶሮዋን ራሷን መለመን ይሻላል» እያለች ታስቃቸዋለች። መጋዘን የሚሉት ከመሬት በታች ያለ፣ የድሮ የወረቀት ካርዶች ጣሪያ ድረስ የተከመሩበት፣ መስኮት የሌለው ክፍል ነው። አክስቴ ሰው ካላየች ትታመማለች። እዚያ ካወረዷት አንድ ክረምት እንደማትከርም እኔ አውቃለሁ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰውዬውን ክራባቱን ይዤ «ና እስቲ ድገመው» እለው ነበር፤ አፌ እንደሆነ አይታማም። ግን አንድ ነገር ያዘኝ። ሰልፉ በእርግጥ አይሄድም። ወረፋው ከመስኮቱ ተነስቶ፣ የመነጽር ፍሬሞች የተደረደሩበትን መስታወት አልፎ፣ ደጁ ላይ ካለው ሎሚ ሻጭ ደርሷል። እናቶች ሕፃን እያቀያየሩ ያቅፋሉ፤ አንዱ ጎልማሳ የካርድ ዋጋ እንደገና መጨመሩን ግድግዳው ላይ አንብቦ «ለመቆሚያ ነው የምንከፍለው?» ይላል። እኔ ደግሞ የኔትወርክ ሠራተኛ ነኝ፤ ላፕቶፔን በጀርባዬ አዝዬ ቢሮ ለቢሮ እየዞርኩ የተንቀራፈፈውን ሁሉ አፈጥናለሁ። በሌላው ልታማ እችላለሁ፣ በዚህ ሥራ ግን አልታማም። ስለዚህ ንዴቴን ዋጥ አድርጌ መነጽሩን ልሰጥ እንደመጣሁ ሆኜ ወደ ካርድ ክፍሉ ገባሁ፣ ከአክስቴ ጀርባ ባለችው በርጩማ ላይም ቁጭ አልኩ።

ያየሁት እንዲህ ነው። አክስቴ ስም ትጠይቃለች፣ ጣቶቿ ጠቅ ጠቅ እያሉ ይጽፋሉ፣ ትልካለች። ስክሪኑ ቀጥ ይላል። ያቺ ትንሽ ክብ ነገር መሽከርከር ትጀምራለች። ይሄኔ አክስቴ ቀና ብላ «እግርዎን እንዴት አደረገልዎት?» ትላለች። በሽተኛው ስለ እግሩ፣ ከእግሩ ወደ ልጁ፣ ከልጁ ወደ ቤት ኪራይ ሲሄድ ገጹ ድንገት ይከፈታል፤ እሷም «ደህና፣ እግዜር ይማርዎት» ብላ ወሬውን ከመሃሉ ቆርጣ ካርዱን ታትማለች። ወሬው ሥራውን አላቆመውም፤ ሥራው ሲቆም ነው ወሬው የሚጀምረው። ሰው እንዳይናደድ በአፏ ታባብላለች። ሥራ አስኪያጁ ግን ቢሮው ፎቅ ላይ፣ ከመስታወት ጀርባ ነው። ከዚያ ላይ ሲታይ የሚታየው የቆመ ሰልፍና የሚንቀሳቀስ አፍ ብቻ ነው። እሱም ሁለቱን አያይዞ ፈረደ። ሁለተኛ የታዘብኩት ነገር ቆይታው ሁልጊዜ እኩል መሆኑን ነው፤ ለሕፃኑም ለሽማግሌውም ያው ግማሽ ደቂቃ ግድም። መስመር ተጨናንቆ ቢሆን አንዴ ይፈጥናል አንዴ ይዘገያል። እኩል እኩል የሚቆይ ነገር መጨናነቅ አይደለም፤ አንድ ነገር የሆነ ቦታ ቆሞ መልስ ይጠብቃል፣ ሲሰለቸው ትቶ ያልፋል።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ከፎቅ ወደዚህ ካወረዱኝ ወዲህ። ሽማግሌዎቹ ደረጃ እንዳይወጡ ብዬ ራሴ ነኝ አውርዱኝ ያልኩት፤ እጄን በእጄ።» ሳቀች። «ለወንድምሽ ነግሬዋለሁ።»

«ምን አለሽ?»

«አንቺ ደግሞ፣ ወንድምሽን አታውቂውም? ምንም። ይሠራልኛል ብዬ እየጠበቅኩ ነው።»

ስለ መጋዘኑ አልነገርኳትም። ይህን ጉድ ሰምታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በምን አንጀቷ ሰው ትመዘግባለች? ፈትቼው ልንገራት ብዬ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጣሁ።

የክሊኒኩ የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ ወንድሜ ነው። ቤት ውስጥ ስሙን ትተን «ጋሼ ዝምታ» ነው የምንለው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ዝንብ አይነካም። ችግሩ ከአፉ «እምቢ» የሚባል ቃል አይወጣም፣ «አልችልም» የሚባልም አይወጣም። እሑድ ምሳ ትመጣለህ ወይ ስትሉት ዓይኑን ወደ ጫማው ያወርዳል። አክስቴም ይመጣ ይሆናል ብላ ሳህኑን ታስቀምጣለች፤ ምግቡ ይቀዘቅዛል፤ እኛም እሱን ስንጠብቅ ይርበናል። አልመጣም ቢል እኮ በልተን ተኝተናል! ተው ስንለው አንድ ተረት አለችው፣ «ዝም አይነቅዝም»፤ እሷንም የሚናገረው በዓመት አንዴ ነው። ክፍሉ እንደራሱ ነው። ብርድ ብርድ ይላል፣ የማሽኖቹ ማራገቢያ ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል፣ ገመዶቹ በቀለም በቀለም ተለይተው እንደ ሙሽራ ጸጉር ተጎንጉነዋል፣ ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ኩባያ ውሃ በቀር ምንም የለም። ስገባ ቀና ብሎ አየኝና ትርፍ ወንበሯን በእግሩ ገፋልኝ። ሰላምታው ይኸው ነው።

«እትዬን መጋዘን ሊያወርዷት ነው» አልኩት።

ዝም።

«ታውቃለህ ማለት ነው!»

ውሃውን ተጎነጨ። ከዚያ ስክሪኑን እያየ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እንደሚከፍልባቸው ሆኖ ተናገረ። ባለፈው ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ ጠይቆት ኖሯል፣ መዘግየቱ ከኮምፒዩተሩ ነው ወይስ ከሴትየዋ ብሎ። «ምን አልክ?» ስለው እጁን ዘረጋ። ባዶ እጅ። ምክንያቱን ስላላገኘው ዝም ብሏል። ሰውዬውም ዝምታውን እንደ መልስ ወስዶ ሄዷል።

ምን በወጣት! እዚያው የተናገርኩትን ሁሉ እዚህ አልደግመውም፤ ማራገቢያዎቹ እንኳ ዝም ያሉ መሰለኝ። ሲወጣልኝ ግን ፊቱን አየሁት። ከመሳቢያው ሦስት አዳዲስ ገመዶች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ከአክስቴ ኮምፒዩተር የፈታውን አንድ የኔትወርክ ካርድም ጨመረበት። ለካ ሰው ከወጣ በኋላ ሲቀያይር፣ ሲፈታ፣ ሲገጥም ከርሟል። ላቡን አፍስሷል፤ ያቃተው «አቃተኝ» ማለት ብቻ ነው። ለእሱ ማዘኔ ራሱ አናደደኝ። «ተነሣ፣ ፋየርዎሉን ክፈትልኝ» አልኩት።

ፋየርዎል ማለት የኔትወርክ ዘበኛ ነው። ደንቦች ከላይ ወደ ታች ተደርድረው ይሰጡታል፤ በሩ ላይ የመጣውን ሁሉ በተራ ከደንቦቹ ጋር ያመሳክርና ያሳልፋል፣ ወይም «አታልፍም» ብሎ ይመልሳል፣ ወይም ደግሞ እንዳልሰማ ሆኖ ዝም ይላል። ወንድሜ ያወጣው ደንብ ንጹሕ ነው፤ እጁ እንደሆነ አይነቀፍም። ለምንድነው ታዲያ አክስቴ ብቻ የምትሰቃየው? ፎቅ ላይ ያሉት ኮምፒዩተሮች ከሰርቨሩ፣ የበሽተኛው ካርድ ሁሉ ከሚቀመጥበት ዋና ኮምፒዩተር፣ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ናቸው፤ ዘበኛው በር ላይ አይደርሱም። እሷ ወደ ምድር ስትወርድ ግን ከበሩ ውጭ ሆነች። እስከዚህ ድረስ እሱም ደርሶበታል። በየማለዳው የዘበኛውን መዝገብ እየከፈተ ከእሷ ኮምፒዩተር የተከለከለ ነገር ይፈልጋል፤ አንድም የለም። እኔ መዝገቡን ትቼ ደንቦቹን ከላይ ጀምሬ በጣቴ እየነካሁ ወረድኩ፤ ከታች አንዱ ጋ ስደርስ ጣቴ ቆመ። «ከሰርቨሩ ወደ ምድር ቤቱ መስኮት የሚሄድ፣ ያልተፈቀደ ነገር ሁሉ፦ ጣል። አትመዝግብ።»

«ለምን አትመዝግብ አልከው?»

«መዝገቡ እየሞላ አስቸገረኝ» አለ።

«አየህ! የማይጻፍ ነገር መዝገብ ላይ ስትፈልግ ነዋ የከረምከው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!»

ግምት ነው እንጂ ገና ማስረጃ አልነበረኝም፤ በዚህ ሥራ ደግሞ ያለ ማስረጃ ደንብ የሚነካ ሰው ሥራውን ይቀይር። እሱን ሰርቨሩ ላይ አስቀምጬ የሚወጣ የሚገባውን እንዲቀዳ አደረግኩ፤ እኔ ወርጄ ከአክስቴ ኮምፒዩተር ላይ ያንኑ መቅዳት ጀመርኩ፤ በስልክ እንነጋገራለን። እሱ በስልክ ሲያወራ ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ! አክስቴ የአንዲት ልጅ ስም ጽፋ ላከች። «ደረሰኝ» አለ ወንድሜ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ተለወጠ። «ሰርቨሩ ወደ እናንተ የሆነ ነገር ላከ… ደግሞ ላከ… አሁንም።» እኔ ጋ ምንም አልመጣም። ባዶ ነው። ሰርቨሩ ላይ ያለው አሮጌ የምዝገባ ፕሮግራም አዲስ ካርድ በተከፈተ ቁጥር ወደ ላኪው ዞሮ «ማን ነህ አንተ?» ይላል፤ የድሮ ጠባይ ነው፣ ዛሬ ማንም አይፈልገውም። መልሱ ምንም ቢሆን ግድ አይሰጠውም፤ «አልነግርህም» ቢባልም እሺ ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ዘበኛው ግን ጥያቄውን ይውጠውና ዝም ይላል። ሰርቨሩ የዋህ ነው፣ አልሰሙኝም ብሎ ደግሞ ይጠይቃል፣ ይጠብቃል፣ ሲመረው ይተወዋል። አክስቴም ይሄኔ የእንቁላል ዋጋ ታወራለች።

«ምሳ ሰዓት ላይ እንቀይረው» አልኩት። አሁኑኑ ማለት አምሮኝ ነበር፤ ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ዘበኛ ላይ ስትሳሳት ክሊኒኩ በሙሉ ነው የሚቆመው። መስኮቱ ተዘግቶ በሽተኛው ጥላ ፍለጋ ሲበተን የነበረውን ደንብ ኮፒ አስቀረንና «ጣል» የሚለውን «እምቢ በል» በሚለው ቀየርነው። አላሳለፍነውም፣ ልብ በሉ፤ ጥያቄው አሁንም አያልፍም። ልዩነቱ «እምቢ» መባሉ ነው። አክስቴ ምሳዋን አቋርጣ ለሙከራ የራሷን ስም ጽፋ ላከች። ቀና ብላ «እግርሽን…» ልትለኝ አፏን ስትከፍት ገጹ ተከፈተ።

«ውይ!» አለች። «እና አሁን ወሬ የማወራው መቼ ነው?»

ፎቅ ወጥቼ ስነግረው ወንድሜ ወንበሩ ላይ ለጥ ብሎ ጣሪያውን አየ። «‹እምቢ› ብቻ?» አለኝ።

«እምቢ ብቻ። ውጭ ላለ ሌባ ዝም በለው፣ ደግ አደረግክ። በሩን ቢያንኳኳም ሰው የለም ብሎ ይሂድ። የቤት ሰው ግን እምቢም ቢሆን መልስ ይሰጠዋል፣ ጋሼ። ካልሰጠኸው ቆሞ ይቀራላ።» ስለ ሰርቨሩ ነበር የጀመርኩት። እሱም ገብቶታል፤ ኩባያውን አንስቶ ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው።

ከምሳ በኋላ ሰልፉ እንደ ሳሙና አረፋ ሟሟ። ሎሚ ሻጩ ደንበኛ አጥቶ ወደ ውስጥ ያሾልቃል። አክስቴ ትጽፋለች፣ ታትማለች፣ «ቀጣይ!» ትላለች፤ የለመዷት ሽማግሌ «ዛሬ ምነው ተቆጣሽን?» አሏት። እኔ ሥራዬን በስልክ ለነገ አዛውሬ በርጩማዋ ላይ እንደ ንግሥት ተቀምጫለሁ፣ የዘጠኝ ሰዓቱን ሰውዬ እየጠበቅኩ። በሰዓቱ ወረደ፤ የአስተዳደር ኃላፊዋ ከኋላው ቁልፎቿን እያንቃጨለች። ደረጃው ግርጌ ላይ ቆሞ ባዶውን አዳራሽ ቃኘ። ከዚያ ወደ ኃላፊዋ ዞሮ፣ እኛ እንድንሰማ ድምፁን ሳይቀንስ፦

«አየሽ? ወሬው ጆሮዋ ደርሶ ነው። ትንሽ ፍርሃት እንደዚህ ታሠራለች።»

እንዴ! ብድግ አልኩ። አፌ ላይ የመጣው ነገር ሰውዬውን እስከ ጡረታው የሚበቃው ነበር። ግን ቀና ስል ወንድሜን አየሁት፣ ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ ደረጃው መሃል ላይ ቆሟል። እኔ ብናገር የእህት ልጅ ለአክስቷ ተከራከረች ነው የሚባለው። እሱ ግን ያውቃል፤ ሰውዬውም የጠየቀው እሱን ነበር። ምላሴን ነከስኩ፣ ይህ ለእኔ ዓይነት ሰው ቀላል አይምሰላችሁ። አክስቴ እጇን ከመጻፊያው ላይ አንስታ አንዴ ወደ ሥራ አስኪያጁ፣ አንዴ ወደ እኛ ታያለች። ማንም አይናገርም። ያው የጠዋቱ ዓይነት ቆይታ ነው፣ ያቺ ክብ ነገር ብቻ ናት የጎደለችው። ተናገር እንጂ፣ ተናገር እንጂ እላለሁ በልቤ።

«አልፈራችም» አለ ወንድሜ።

ሥራ አስኪያጁ ዞረ።

«መዘግየቱ ከፋየርዎሉ ነበር። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬ እህቴ አገኘችው፣ አስተካከልነው። እሷ አንድም ቀን ተንቀራፍፋ አታውቅም።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ከኮምፒዩተሩ ነው ከሴትየዋ ብለው ሲጠይቁኝ አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ዝም አልኩ።»

«ታዲያ አላውቅም ማለት ምን ይከብዳል?»

«ይከብደኛል» አለ።

ሰውዬው ክራባቱን ነካካ። ወደ መስኮቱ ሁለት እርምጃ ጠጋ ብሎ፣ «እንግዲህ… እርስዎ እዚሁ ቦታዎ ላይ ይቀጥሉ» አላት።

«ወዴት ልሄድ ኖሯል?» አለች አክስቴ።

የመለሰችላት የቁልፏ ሴትዮ ናት፤ «መጋዘን፣ እትዬ» አለቻት፣ መሬት መሬት እያየች። አክስቴ ይህን ሰማች። ከዚያ ወንድሜን ረጅም አየችው፤ ያወቀችው ያኔ ነው፣ እሱ ሰምቶ እንደነበር፣ ተጠይቆም ዝም እንዳለ። መነጽሯን አወለቀች፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው። አንዲት እናት ሕፃኗን አቅፋ መስኮቱ ላይ ቆማ ነበር።

«ቀጣይ!» አለች አክስቴ።

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አንድ ቃል አልተነፈሰችልንም። መስኮቷን ዘጋች፣ ኮምፒዩተሩን አጠፋች፣ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ እኔ ከኋላዋ። ወንድሜ በሩ ላይ እየጠበቀ ነበር፣ ጃኬቱን በእጁ ይዞ። ደጁ በታክሲ ጩኸት ተሞልቷል፣ ሎሚ ሻጩ ዕቃውን ይሸክፋል፣ የፀሐይዋ ብርሃን ከፊት ለፊቱ ሕንፃ መስኮት ላይ ነጥሮ ዓይን ይወጋል። ዝም አይነቅዝም ይላል ይሄ ሰው፤ ያን ዕለት ፊቱ ላይ የነቀዘ ነገር አየሁ። አልቅሶ ነበር መሰለኝ፣ ወይም ሊያለቅስ ነው።

«እትዬ» አለ። «ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«እምቢ» አለች።

ቃሉን ከአፉ ሳይጨርስ ነው የመለሰችለት። እኔ ራሴ ደነገጥኩ። እሱ ቆሞ ቀረ፤ ቀጥሎ ግን ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ፤ ከጠዋት ጀምሮ ጆሮው ሥር ደርሰው የነበሩት ትከሻዎቹ ቀስ ብለው ወረዱ።

«ዛሬ አላደርግም» አለች አክስቴ። «ዛሬ አንጀቴ ቆስሏል። ያሳደግኩት ልጅ ሰው ሲያማኝ ጎኑ ተቀምጦ ውሃ ጠጥቷል። አንቺም ብትሆኚ» አለችኝ ሳትዞር፣ «ሥራሽን ትተሽ ጀርባዬ ላይ የዋልሽው ለካ ጠዋት ሰምተሽ ነው፤ ቤት እንነጋገራለን። ለአንተ ግን ነግሬሃለሁ፣ ዛሬ እምቢ። ነገ ጠይቀኝ።»

«ነገ ስንት ሰዓት ላይ?» አለ ወንድሜ።

«ሁለት ሰዓት ላይ መስኮቴ ይከፈታል» አለች። «እንደ ሰው ተሰለፍ።»